የሞስኮው መቶ ዶላር፦ ኖት መልኩን ሲቀይር አሮጌው በሰው አገር ምን ይሆናል?

ማርች 25 ቀን 1996 የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌዴራል ሪዘርቭ፣ መልኩ የተለወጠ መቶ ዶላር ማሰራጨት ጀመረ። የቤንጃሚን ፍራንክሊን ምስል ከበፊቱ ጎልቶ ከመሃል ወደ ግራ ፈቀቅ ብሏል። ኖቱን ወደ ብርሃን ሲይዙት ያው ፊት በቀኝ በኩል እንደ ጥላ ብቅ ይላል። በታችኛው ቀኝ ጥግ ያለው የ100 ቁጥር ደግሞ ኖቱን ሲያዘነብሉት ከአረንጓዴ ወደ ጥቁር ይለወጣል። መቶ ዶላር ወደ እጁ የሚገባው አልፎ አልፎ ብቻ የሆነ የቺካጎ ሠራተኛ ለውጡን ሳያስተውል ሳምንታት ሊያልፉት ይችሉ ነበር። ነገሩ የከበደው ሞስኮ ላይ ነው።

(በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈውን ዓ.ም. እያልሁ እለየዋለሁ።)

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች አምስት ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። ሩብል እጅ ላይ ሲቆይ የሚቀልጥ ገንዘብ ስለሆነ መምህሩም፣ ነጋዴውም፣ ጡረተኛዋም ትንሽ ትርፍ ባገኙ ቁጥር ወደ ምንዛሪ ኪዮስክ ሄደው ዶላር ይገዛሉ። የሚገዙትም በአብዛኛው መቶ መቶውን ነው፤ ለመደበቅ ይመቻል፣ ለመቁጠርም ይቀላል። በሱቅ ውስጥ በጥሬ ዶላር መገበያየት ከ1994 መጀመሪያ አንስቶ ቢከለከልም ቤትና መኪና የሚዋዋሉት በዶላር ነበር። የቤተሰቡ ጥሪት ባንክ አይገባም፤ በመጽሐፍ ገጾች መካከል፣ በቁም ሣጥን ጀርባ፣ በወጥ ቤት ቆርቆሮ ውስጥ ይቀመጣል። ከአሜሪካ ውጭ እንደ ሩሲያ ብዙ የዶላር ኖት ያለበት አገር እንደሌለ በወቅቱ ይገመት ነበር። አንድ ዶላር 4,800 ሩብል ገደማ ያወጣ ስለነበር አንዲት የመቶ ዶላር ኖት የአንድ ሩሲያዊ ሠራተኛ አማካይ የወር ደመወዝ ከግማሹ በላይ ትሆናለች።

የአታሚው አገር ኖቱን መልኩን ሲቀይረው በእነዚህ ሰዎች ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው አሮጌ መቶ ዶላር ምን ያህል ያወጣል? የአሜሪካ ሕግ መልስ አንድ መስመር ነው፦ መቶ ዶላር። የሞስኮ ገበያ መልስ ግን ብዙ ነገሮች ይወስኑት ነበር። የዚህ ጉዳይ ጥቅሙም ከሕጉ ይልቅ እነዚያን ነገሮች ማሳየቱ ነው።

በልጥ የበረየ ሕዝብ

ጃንዋሪ 22 ቀን 1991 ምሽት ሦስት ሰዓት ላይ የሶቪየት ቴሌቪዥን አንድ አዋጅ አነበበ። የ1961 እትም የሆኑት የ50 እና የ100 ሩብል ኖቶች ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ሕጋዊ ገንዘብ አይደሉም። መለወጥ የሚቻለው በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ ለሠራተኛ የተፈቀደው መጠን 1,000 ሩብል ሲሆን ከዚያ በላይ ያለው ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ለኮሚቴ ያስረዳል። ከቁጠባ ሒሳብ በወር ማውጣት የሚቻለውም 500 ሩብል ብቻ ሆነ። ሱቆች ተዘግተዋል፣ ሕዝቡ ቤቱ ነው፣ አዋጁ ሥራ ላይ ሊውል የቀረው ሦስት ሰዓት ነው። አንዳንዶች ወደ ባቡር ጣቢያ ሮጠው በመቶ ሩብል የረጅም ርቀት ቲኬት ገዙ፤ በማግስቱ መልሰው ገንዘቡን በሌላ ኖት ለመውሰድ።

ጠቅላይ ሚኒስትር ቫለንቲን ፓቭሎቭ ለዚህ ውሳኔ የሰጡት ምክንያት ከጉዳያችን ጋር በቀጥታ ይገናኛል። የምዕራብ ባንኮች ከፍተኛ ሩብሎችን በውጭ አገር አከማችተው አገሪቱን ሊያጥለቀልቁ አሲረው ነበር አሉ። ማስረጃ አላቀረቡም። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፦ በሰው አገር ያለ ኖታችን ጠላታችን ነው፣ ስለዚህ እንግደለው።

ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ያው ነገር በሌላ መልክ ተደገመ። ጁላይ 24 ቀን 1993 ቅዳሜ ዕለት የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክ ከ1961 እስከ 1992 የታተሙት ኖቶች በሙሉ እንደሚሰረዙ አስታወቀ። ለአንድ ሰው የተፈቀደው 35,000 ሩብል ነበር፤ በዚያን ጊዜ ምንዛሪ 35 ዶላር ገደማ። ሕዝቡ በበጋ ዕረፍት ላይ ተበትኖ ስለነበር ጩኸቱ በረታ፤ ፕሬዚዳንት ቦሪስ የልሲን ጣራውን ወደ 100,000 ሩብል ከፍ አድርገው ጊዜውን እስከ ኦገስት መጨረሻ አራዘሙት። እዚህም ዒላማው የውጭ ኖት ነበር። አዲስ ነፃ የወጡት ሪፐብሊኮች አሁንም በሶቪየት ሩብል ይገበያዩ ስለነበር፣ ሞስኮ ከእነሱ የሚመጣውን የገንዘብ ጎርፍ ለመገደብ አሮጌውን ኖት ጣለችው። በአልማቲ ወይም በታሽከንት የነበረ ሰው በእጁ የያዘው ሩብል በአንድ ቅዳሜ ከታተመበት አገር ሕግ ውጭ ሆነ። ካዛክስታን የራሷን ገንዘብ፣ ተንጌን፣ ያወጣችው በኖቬምበር ነው። እስከዚያ ድረስ ሞስኮ የጣለችው ኖት የካዛክስታን መገበያያ ሆኖ ቆየ።

እንግዲህ ጁላይ 1994 ላይ የአሜሪካ ግምጃ ቤት የዶላርን መልክ እንደሚቀይር ሲያስታውቅ ይህ ሕዝብ ምን ይሰማዋል? እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው። ዋሽንግተን አንድም ኖት እንደማይሰረዝ ደጋግማ ተናግራለች። ፓቭሎቭም ከአዋጁ በፊት እንዲህ ያለ ለውጥ አይኖርም ብለው ነበር። ለሞስኮ ነዋሪ መንግሥት ኖት ሊቀይር ማለት መንግሥት ሊወስድ ማለት ነው፤ የየትኛውም አገር መንግሥት ይሁን።

ሩሲያውያንን አጉል ፈሪ አድርጎ የሚያይ ሰው ካለ የእኛን አያቶች ያስታውስ። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ በ1780 ከሞቱ በኋላ ምስላቸው ያለበት ጠገራ ብር ያው 1780 የሚለው ዓመት ሳይነካ ለብዙ ትውልድ መመታቱን ቀጠለ፤ የኢትዮጵያና የቀይ ባሕር ነጋዴ መልኩ ትንሽ የተለየውን አልቀበልም ስላለ። የዘውዱን ዕንቁዎች ቆጥሮ የሚቀበል ሻጭ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጡት አልቻሉም። ብሩ እውነተኛ የከበረ ማዕድን ሆኖ እንኳ ሰው መልኩን ይመለከት ነበር፤ ወረቀት ሲሆንማ ከመልኩ ሌላ ምን ይታያል?

ዋሽንግተን ምን አሰበች

አሜሪካውያኑ መልኩን የቀየሩት ሊወስዱ ፈልገው አልነበረም። በ1989 ማኒላ ላይ አንድ ሐሰተኛ መቶ ዶላር ተገኘ፤ ጥራቱ ከዚያ በፊት ከታዩት ሁሉ የተለየ ነበር። በእውነተኛው ኖት ላይ እንዳለው እጅ ሲዳስሰው የሚሻክር ኅትመት፣ የጥጥና የተልባ እግር ወረቀት፣ ሁሉም ነበረው። ‹ሱፐር ዶላር› ተባለ። መጀመሪያ ጥርጣሬው በመካከለኛው ምሥራቅ ላይ ነበር፤ በኋላ ላይ የአሜሪካ ባለሥልጣናት ጣታቸውን ወደ ሰሜን ኮሪያ ቀሰሩ። ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያን ያህል ያልተለወጠው የዶላር መልክ ለቀለም ፎቶ ኮፒና ለኮምፒውተር ዘመን እንደማይበቃ ታወቀ። በ1990 እትም ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ክርና በዓይን ለማንበብ የሚያስቸግር ደቃቅ ጽሑፍ ተጨመረ፤ ትልቁ ለውጥ ግን የ1996ቱ ነው።

አሮጌውን በቀን ገደብ መሰብሰብ ሐሰተኛውን በአንድ ጊዜ ባጸዳው ነበር። ይህ መንገድ ለምን አልተመረጠም? እዚህ ላይ ደግነት ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም፤ ሒሳቡ ይበቃል። በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ የነበረው የዶላር ኖት ዋጋው ወደ 400 ቢሊዮን ዶላር ይጠጋ ነበር። በ1996 የፌዴራል ሪዘርቭ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት መሠረት ከዚህ ውስጥ ከ55 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ከአሜሪካ ውጭ ነው። በሞስኮ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለ መቶ ዶላር ለአሜሪካ መንግሥት ያለ ወለድ የተሰጠ ብድር ማለት ነው። አምስት በመቶ ገደማ በነበረው የዚያን ጊዜ የአጭር ጊዜ ወለድ ቢሰላ፣ የውጭው ዓለም ዶላር በመያዙ ብቻ አሜሪካ በዓመት ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ ትቆጥባለች። አንድ ጊዜ አሮጌ ኖት ቢሰረዝ ያ ሁሉ ባለቁም ሣጥን አበዳሪ ወደ ጀርመን ማርክ ይሄዳል። ፓቭሎቭ በውጭ ያለውን ኖት እንደ ጠላት አዩት፤ ግምጃ ቤቱ ግን እንደ ደንበኛ ነው ያየው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሥነ ምግባር ሳይሆን የጥቅም ነው ብዬ አምናለሁ፤ ለባለ ኖቱም የሚበጀው ይህን ማወቁ ነው።

ስለዚህ የተነገረው ቃል ቁርጥ ያለ ነበር፦ መሰብሰብ የለም፣ ዋጋ መቀነስ የለም፣ የጊዜ ገደብ የለም። ከ1861 ጀምሮ በአሜሪካ መንግሥት የወጣ የወረቀት ገንዘብ ሁሉ ዛሬም በፊቱ ላይ የተጻፈውን ያህል ዋጋ አለው። አሮጌው የሚጠፋው በራሱ ጊዜ ነው፤ በንግድ ባንኮች በኩል ወደ ፌዴራል ሪዘርቭ ሲመለስ ማሽን ይለየዋል፣ ይቆራርጠዋል፣ በምትኩ አዲስ ይወጣል። ይህን ለሕዝቡ ማስረዳት ትልቅ ዘመቻ ጠየቀ። ብሮሹርና ፖስተር በሩሲያኛና በሌሎች ቋንቋዎች ታተመ፣ በቴሌቪዥን ተነገረ፤ የሩሲያ ማዕከላዊ ባንክም አሮጌውም አዲሱም እኩል መሆናቸውን እንዲያረጋግጥ ተደረገ። ማስታወቂያው ከስርጭቱ ከሃያ ወራት በፊት መውጣቱን ከፓቭሎቭ ሦስት ሰዓት ጋር አስተያዩት።

ቃል ብቻውን ግን አይበቃም ነበር። ብዙ የማይነገርለት ሌላ ሥራ ተሠራ፤ እኔ እንደማየው የጉዳዩ ቁልፍ ያለውም እዚያ ነው። ፌዴራል ሪዘርቭ በዚያው በ1996 በውጭ አገር ባሉ ትላልቅ ባንኮች ካዝና ውስጥ የራሱን ኖት ማስቀመጥ ጀመረ። ገንዘቡ ለንደን ወይም ዙሪክ ይቀመጥ እንጂ በሒሳብ መዝገብ ላይ አሁንም የፌዴራል ሪዘርቭ ነው፤ ባንኩ እስኪያወጣው ድረስ ወለድ አይታሰብበትም። የሞስኮ ባንክ አዲስ መቶ ዶላር ሲፈልግ አትላንቲክን የሚሻገር አውሮፕላን መጠበቅ ቀረለት። ከሁሉም በላይ፣ የሰበሰበውን አሮጌ ኖት የሚያስረክብበት ቅርብ ቦታ አገኘ። ማከማቻው ይቆጥረዋል፣ ሐሰተኛውን ይለያል፣ አዲሱን እንደገና ያከፋፍላል፣ አሮጌውን ለይቶ ወደ አሜሪካ ይመልሳል።

በመስኮቱ ፊት

አሁን ወደ ምንዛሪ ኪዮስኩ እንመለስ፤ ሕጉና ገበያው የሚለያዩት እዚህ ነውና።

በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠችው ገንዘብ ተቀባይ የአሜሪካን ሕግ ለማስከበር አልተቀጠረችም። የምትጠየቀው ስለ ሳጥኗ ነው። አሮጌ መቶ ዶላር ሲቀርብላት በሐሳቧ ሦስት ጥያቄዎች ያልፋሉ። አንደኛው፣ ሐሰተኛ ቢሆንስ? በአዲሱ ላይ ጥላውን ወደ ብርሃን ይዛ ታያለች፣ ቀለሙን አዘንብላ ትፈትሻለች፤ ከ1990 በፊት በታተመው ላይ ግን ከወረቀቱና ከኅትመቱ ሌላ የምትመካበት የለም። ብትሳሳት ከደመወዟ ይቆረጣል። ሁለተኛው፣ ማን ይገዛኛል? ከሰዓት በኋላ ዶላር ሊገዛ የሚመጣው ሰው አዲሱን ይመርጣል፤ አሮጌ ስትሰጠው በመስኮቱ መልሶ ይገፋላታል። ሦስተኛው፣ ማንም ካልገዛኝስ? ሳጥኗ ውስጥ የሚከማቸው አሮጌ ኖት ወደ ዋናው ባንክ መሄድ አለበት። ባንኩም ብዛት ያለው እስኪሆን ይጠብቃል፣ በኢንሹራንስ ያስጭነዋል፣ ይልከዋል፣ ተቆጥሮ በሒሳቡ እስኪገባለት ገንዘቡ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል።

እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች ሁሉ ወጪ ናቸው። ወጪውን የሚሸከመው ደግሞ በመስኮቱ ውጭ የቆመው ነው። ስለዚህ አንዳንዱ መንዛሪ አሮጌውን በኮሚሽን ይቀበላል፣ አንዳንዱ ጠርዙ የተቀደደውን ወይም በእስክሪብቶ የተጻፈበትን ይመልሳል፣ አንዳንዱ ደግሞ ‹የ1990 እትምና ከዚያ ወዲህ ያለውን ብቻ› ይላል። ሕግ ጥሷል ልንል አንችልም፤ አንድ የሩሲያ ኪዮስክ የአሜሪካን ኖት የመግዛት ግዴታ የለበትም። ‹ሕጋዊ መገበያያ› የሚለው ቃል ኃይል ያለው በአታሚው አገር ድንበር ውስጥ ብቻ ነው። ከድንበሩ ውጭ ኖቱ እንደ ቡና ወይም እንደ ወርቅ ሸቀጥ ነው፤ ገዢው ደረጃ ያወጣለታል።

ሌላም ነገር አለ። ወሬው ራሱ ለመንዛሪው ገቢ ነበር። ‹አሮጌው ሊሰረዝ ነው› የሚለው ጭምጭምታ በበረታ ቁጥር የፈራው ሰው በቅናሽ ይሸጣል። መንዛሪው ኖቱን በሙሉ ዋጋው ወደ ባንክ ያስገባዋል፤ ልዩነቱ የእሱ ነው። እዚህ ላይ ከዋሽንግተን ዘመቻ ይልቅ ያሸነፈው የውድድር ጉዳይ ይመስለኛል። በሞስኮ በየመንገዱ ብዙ ኪዮስክ ነበር፤ ትላልቅ ባንኮች አሮጌውን በሙሉ ዋጋ የሚያስረክቡበት መንገድ ስለተከፈተላቸው ያለ ቅናሽ ሲቀበሉ፣ የጎረቤቱ መንዛሪ ቅናሹን ለብዙ ጊዜ ሊያቆየው አልቻለም። የፈሩት የጅምላ ሽሽት አልመጣም። አዲሱ የ50 ዶላር ኖት በኦክቶበር 1997፣ የ20 ዶላሩ በሴፕቴምበር 1998 ሲወጡ የሩሲያን ሕዝብ የሚያሳስበው ሌላ ነገር ነበር፤ ኦገስት 17 ቀን 1998 መንግሥት ዕዳዬን አልከፍልም ብሎ ሩብል በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሲወድቅ፣ ፍራንክሊን በትልቅ ፊት ይሁን በትንሽ ፊት፣ በቁም ሣጥኑ ውስጥ ዶላር የነበረው ሰው ተረፈ።

መንገዱ ሲዘጋ

የሞስኮው ጉዳይ በሰላም የተፈታው አሮጌው ኖት ወደ አታሚው የሚመለስበት መንገድ ስለነበረ ነው ካልሁ፣ መንገዱ ባልነበረበት ቦታ ምን እንደሆነ ማየት ይገባል።

ከእነዚያ የፌዴራል ሪዘርቭ ማከማቻዎች አንዱን በዙሪክ ያስተዳድር የነበረው የስዊሱ ዩቢኤስ ባንክ ነበር። ሜይ 2004 ላይ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንኩን 100 ሚሊዮን ዶላር ቀጣው። ጥፋቱ በማከማቻው በኩል ከኢራን፣ ከኩባ፣ ከሊቢያና ከዩጎዝላቪያ ጋር የዶላር ኖት መገበያየቱና ይህን መደበቁ ነው። ቅጣቱን ወደ ጎን ትተን የሚያስረዳንን እንይ፦ በማዕቀብ ሥር ያሉ አገሮች አዲስ ኖት የሚያገኙበትንና ያረጀውን የሚመልሱበትን በር ፈልገው ይህን ያህል ርቀት ሄደዋል። ኖቱ ሕጋዊ ነው፤ መመለሻው ግን ክልክል ነው።

የመቶ ዶላሩ መልክ ኦክቶበር 8 ቀን 2013 እንደገና ተለወጠ፤ አሁን የምናውቀው ሰማያዊ ጥብጣብ የተሸመነበት ኖት ወጣ። (በፌብሩዋሪ 2011 ሊወጣ ታቅዶ ነበር፤ በኅትመቱ ላይ ወረቀቱ እየታጠፈ ስላስቸገረ ዘገየ።) ከዚያ በኋላ በሊባኖስ፣ በሶርያና በኢራቅ ገበያ ‹ነጭ ዶላር› እና ‹ሰማያዊ ዶላር› የሚባል ክፍፍል ተፈጠረ። ነጩ ከ2013 በፊት የነበረው፣ በ1996 የሞስኮ ሰው ‹አዲሱ› ብሎ ይመርጠው የነበረው ትልቅ ፊት ያለው ኖት ነው። ለእኛ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም። ሊባኖስ ውስጥ በቤት ሠራተኝነት የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች አሉ። ከ2019 ጀምሮ የሊባኖስ ባንኮች የደንበኞቻቸውን ዶላር ሲይዙ አገሪቱ ወደ ጥሬ ዶላር ገበያ ገባች። ደመወዟን በነጭ መቶ ዶላር የተቀበለች ሴት ወደ አገር ቤት ልትልክ ስትሄድ መንዛሪው ሊቀንስባት ይችላል፤ አሠሪው ደግሞ የሰጠው መቶ ዶላር ስለሆነ ከፍሏል። ባንኩ በማይሠራበት አገር አሮጌ ኖት ሰብስቦ ወደ ኒውዮርክ የሚልክ የለም፤ ስለዚህ አሮጌው በገበያው ውስጥ ሲሽከረከር ይኖራል፣ በተሽከረከረ ቁጥርም አንድ ሰው ይከፍልበታል።

በአርጀንቲናም ‹ካራ ቺካ› የሚባሉት ከ1996 በፊት የታተሙት ትንሽ ፊት ያላቸው ዶላሮች ለዓመታት በጥቁር ገበያ በቅናሽ ሲገዙ ኖረዋል። የአሜሪካ ኤምባሲ ሁሉም ኖት እኩል ነው ቢልም ቅናሹ አልጠፋም። ነገሩ የተነካው በ2024 ማዕከላዊ ባንኩ ባንኮች አሮጌና የተጎዱ ዶላሮችን ተቀብለው ወደ አሜሪካ የሚልኩበትን መንገድ ሲያቃልል ነው። የኤምባሲ መግለጫ ያላደረገውን የመላኪያ ደንብ አደረገው።

አታሚው ራሱ በሩን ሲዘጋ የሚሆነውን ለማየት ኔፓልን መመልከት ይበቃል። ኖቬምበር 8 ቀን 2016 ሕንድ የ500 እና የ1,000 ሩፒ ኖቶቿን በአንድ ምሽት ሰረዘች። የሕንድ ሩፒ በኔፓል ገበያ እንደ ሁለተኛ ገንዘብ ይሠራ ነበር፤ ሕንድ ውስጥ ጉልበታቸውን ሸጠው የተመለሱ ሰዎች ጥሪታቸውን በእሱ ይዘዋል። የኔፓል መንግሥት ይቀየርልን ሲል ለዓመታት ቢጠይቅም በተራው ሰው እጅ የነበረው ወረቀት ሆኖ ቀረ።

ብራችንም በሰው አገር ነበር

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶችን ለውጣ የ200 ብር ኖት ጨመረች። የመለወጫው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። መንግሥት ከባንክ ውጭ ያለው ጥሬ ገንዘብ 113 ቢሊዮን ብር እንደሚሆን ተናግሯል፤ በድንበር አካባቢና በጎረቤት አገሮች የተከማቸ ብርም ከዒላማዎቹ አንዱ ነበር። ዓላማው በዋሽንግተን ሳይሆን በሞስኮ መንገድ የሚሄድ ነው፤ ይህን ስል ነቀፌታ አይደለም። ብር ከአገር እንዲወጣ ቀድሞም አልተፈቀደም፤ መንገደኛ ይዞ ሊወጣ የሚችለው 1,000 ብር ብቻ ነበር። በውጭ ያለ ብር ለኢትዮጵያ ያለ ወለድ ብድር መሆኑ ባይቀርም፣ ከኮንትሮባንድ ጋር የተያያዘ ስለሆነ መንግሥት እንደ ደንበኛ ሊያየው አይፈልግም።

ሦስት ወር ለአዲስ አበባ ነዋሪ በቂ ነው። ወቅቱ ግን የኮሮና ወረርሽኝ ነበር። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ የሚኖር ሰው ካለፈው ጉዞ በኪሱ የቀረውን ብር ለመለወጥ ሲል አውሮፕላን አይሳፈርም። የገንዘቡ መጠን ለአንዱ ሰው ትንሽ ነው፤ ከመሳቢያ ውስጥ የቀረ የታክሲና የሻይ ተራፊ። በሞያሌና በቶጎ ውጫሌ ድንበር ማዶ በብር ሲነግድ ለነበረ ሱቅ ባለቤት ግን ነገሩ ከመሳቢያ ተራፊ በላይ ነው።

በአዲስ አበባ የአሮጌ ዶላር ነገር ደግሞ ከውጭ ዘመድ የተላከላቸው ሰዎች የሚያውቁት ነው። በጥቁር ገበያ ትንሽ ፊት ያለው መቶ ዶላር ሲቀርብ መንዛሪው ያዞረዋል፣ ያሸዋል፣ ከዚያ ዋጋ ይቀንሳል ወይም ይመልሳል። የሚያነሳው ምክንያት ሁልጊዜ ‹አይሠራም› ነው። አይሠራም ሳይሆን ከእሱ ቀጥሎ የሚቀበለው ሰው ይቀንስበታል ማለቱ ነው፤ ያም ሰው ዱባይ ወይም ጓንዡ ዕቃ ሊገዛበት የሚሄድ ነጋዴ ሊሆን ይችላል፣ በዚያም ሌላ መስኮት ይጠብቀዋል።

እንዲህ ያለ ኖት በእጁ ያለ ሰው ቸኩሎ በቅናሽ ከመሸጡ በፊት ወደ አሜሪካ የሚያደርሰው ሕጋዊ መንገድ እንዳለው ቢያስብ ይሻለዋል። ኖቱ ጤነኛ ከሆነ በአሜሪካ የሚገኝ ማንኛውም ባንክ ለደንበኛው በሙሉ ዋጋው በሒሳቡ ያስገባለታል። የተቃጠለ፣ በምስጥ የተበላ ወይም የተቆራረጠ ከሆነ ደግሞ የግምጃ ቤቱ የኅትመት ድርጅት ሳያስከፍል መርምሮ የሚተካበት አሠራር አለው፤ መልሱ ግን ወራት ሊወስድ ይችላል። የሚወስደው መንገደኛ የሚወጣበትን አገር የውጭ ምንዛሪ ደንብ አስቀድሞ ይመልከት፤ ከ10,000 ዶላር በላይ ይዞ አሜሪካ የሚገባ ሰውም ለጉምሩክ ማስታወቅ አለበት። ማስታወቁ ቀረጥ አያስከትልም፤ አለማስታወቁ ግን ገንዘቡን ሊያስወርስ ይችላል። ለአንድ ወይም ለሁለት ኖት ይህ ሁሉ ልፋት የማያዋጣ ከሆነ መንዛሪው የሚቀንሰው አምስት ዶላር የመላኪያ ዋጋ ነው ብሎ መቀበልም ያስኬዳል። ሃያና ሠላሳ ኖት ላለው ግን ያው ቅናሽ ከመቶ እስከ መቶ ሃምሳ ዶላር ይደርሳል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ቢያሰላው ይሻላል።